በዓይኔ አይቻለሁ

በ2074 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ጠዋት፣ ጋሽ ናሆም ውብሸት ፍርፍራቸውን እየበሉ ሳለ፣ በዚያው ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚሞቱ ስልካቸው ነገራቸው።

ሕመም አልነበረባቸውም። ጋሽ ናሆም በሰባ አንድ ዓመታቸው ከአንገታቸው በስተቀር ደህና ነበሩ፤ አንገታቸውም ቢሆን እንደ ማንኛውም የከተማው ነዋሪ ወደ ፊት ጎብጦ ቀረ እንጂ አያማቸውም። የሚሞቱት በመዝገብ ነው። የወረዳው የመኖር ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የላከው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ውድ ነዋሪያችን፣ የዘመኑ ሦስት የዓይን ምስክሮችዎ አልተሟሉም። እስከ 11፡00 ሰዓት ካልተሟሉ እንደ ሟች ይመዘገባሉ። መልካም አዲስ ዓመት።»

ሕጉ ከወጣ ቆይቷል። ስልክ ላይ የሚታይ ፊት ሁሉ ሊፈበረክ እንደሚችል ከታወቀ ወዲህ፣ አንድ ሰው በሕይወት መኖሩ የሚረጋገጠው በሦስት ሰው ዓይን ብቻ ሆነ። ሦስት ምስክር! በዚህ አገር ዘመን ሲለዋወጥ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ምስክሮቹ ዘመድ መሆን የለባቸውም፤ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ቀርበው ወይም በእድር በኩል፣ በባዶ ዓይናቸው ያዩትን «በዓይኔ አይቻለሁ» ብለው መማል አለባቸው።

ለአብዛኛው ሰው ይህ አያስቸግርም። እድሩ በየዓመቱ ጳጉሜን 1 ቀን የመተያያ ሥነ ሥርዓት አለው። አባላቱ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ቀና ይላል፤ ከፊቱ ያለውን ሰው ለሦስት ሴኮንድ ያያል፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ተራምዶ ሁለተኛውን ያያል፤ ሦስተኛውንም ያያል፤ ጥሩምባው ዳግም ሲነፋ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሃያ ሴኮንድ ቢፈጅ ነው። አምና አንድ አባል ረዘመብኝ ብሎ አቤቱታ አቅርቦ ነበር።

ዘንድሮ ጋሽ ናሆም ረድፉ ላይ ነበሩ። በአካል ማለት ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ግን አንድ በግ የፎቅ ደረጃ ሲወጣ የሚያሳይ ነገር ይመለከቱ ነበርና፣ በጉ ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ አንገታቸውን ማንሳት አልሆነላቸውም። ሦስቱ ምስክሮች የሰጡት ቃል ቃል በቃል አንድ ነው፦ «መላጣቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። ፊታቸውን አላየሁም።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሶሊያና ከገበታው ማዶ ተቀምጠዋል። «ሶሊያና፣ ልሞት ነው» ብለው ጻፉላቸው። «ለእኔም ደርሶኛል። ቤቱስ?» ብለው ወይዘሮ ሶሊያና መለሱ።

እውነትም ቤቱ! ኮንዶሚኒየሙ የተመዘገበው በጋሽ ናሆም ስም ነው። ባለቤቱ የሞተ ቤት በዚያው ቀን ለቀጣዩ ባለ ዕጣ ይተላለፋል፤ አያቶቻቸው ተመዝግበውላቸው እስከ ዛሬ የሚጠብቁ ሰዎች አሉና። ቀጣዩ ባለ ዕጣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፍራሹን ተሸክሞ መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ጨዋ ሰው ነው፤ «አይቸኩሉ፣ እስከ አሥራ አንድ ድረስ እጠብቃለሁ» ብሎ ጽፎላቸዋል። ወይዘሮ ሶሊያና ደግሞ ጉልበታቸው ከታመመ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚህ ቤት ወጥተው የሚሄዱበት ቦታ የለም። ጋሽ ናሆም ይህን ሲያስቡ ፍርፍሩን ገፋ አደረጉት።

እድሩም አልዘገየም። «ሊሞቱ የተቃረቡ» የሚል ማስታወሻ አክሎ የለቅሶ ገጻቸውን ከፈተ። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን አርባ የሐዘን መግለጫ ደረሰ። «ደግ ሰው ነበሩ» ይላል የመጀመሪያው፤ «ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ።»

ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። አንገት ከተደፋ ወዲህ ሰው የሚተዋወቀው በጫማ ነው። ስልኩን የሚይዝ ሰው ከስልኩ ጠርዝ አልፎ የሚያየው ነገር ቢኖር የፊት ለፊቱን ሰው እግር ብቻ ነውና፣ ሰላምታውም ሐሜቱም ፍቅሩም እዚያ ወርዷል። ጫማ የቀየረ ሰው ለአንድ ሳምንት እንግዳ ይሆናል። ዘንድሮ ደግሞ ነጭ ሸራ ጫማ መጥቶ ከተማው ሁሉ እሱን ስላደረገ፣ ባልና ሚስት መንገድ ላይ መጠፋፋት ጀምረዋል።

ጋሽ ናሆም አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆነው ተነሡ። መጀመሪያ የጎረቤታቸውን የአቤኔዘርን በር አንኳኩ። በሩ ተከፈተ፤ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ብቅ አለ።

«አቤኔዘር፣ እባክህ አንድ ጊዜ ፊቴን እየኝ።»

«ይላኩልኝ።»

«ፎቶ አይሆንም እኮ። ይኸው በርህ ላይ ቆሜያለሁ። ቀና በልና እየኝ፤ ከዚያ ጽሕፈት ቤት ድረስ አብረን ደርሰን እንመለስ።»

«እሺ ጋሽ ናሆም፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ።»

ጋሽ ናሆም ሃያ ደቂቃ ቆሙ። እዚያው ቆመው ሳሉ የለቅሶ ገጻቸው ላይ አዲስ መልእክት መጣ። «ነፍስ ይማር፣ ውድ ጎረቤቴ። በራችን ምን ጊዜም ለእርስዎ ክፍት ነበር። አቤኔዘር።» ይህን በዚያው በተከፈተው በር ላይ ቆመው አነበቡት። መልካም አጻጻፍ ነው ብለው አሰቡ፤ ዝቅ ብለውም የሌሎቹን አነበቡ። ሲጨርሱ በሩ ተዘግቶ ነበር።

ቀጥሎ ፀጉር አስተካካያቸው ዘንድ ሄዱ። ይህ ሰው ለአሥራ አምስት ዓመት አስተካክሏቸዋል። «ጋሽ ናሆም፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ በትሕትና፤ «እኔ የማውቀው ማጅራትዎን ነው። ስለ ማጅራትዎ ከሆነ ፍርድ ቤትም ድረስ እሄዳለሁ።» ለዚህ አይፈረድበትም። ፊቱን የሚያስተካክል ደንበኛ ከመጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ሴቶቹ ሳይቀሩ ቁንጅናቸውን ሁሉ ወደ ማጅራታቸው አዙረውታል።

ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ናሆም ዋናው መንገድ ላይ ነበሩ። መንገዱ እንደ ወትሮው ጸጥ ብሏል። የእግረኛው ገመድ በግድግዳው በኩል ወገብ ድረስ ተወጥሯል፤ ሰው በግራ እጁ ገመዱን፣ በቀኙ ስልኩን ይዞ ይሄዳል። የመብራት ምሰሶዎቹ ሁሉ ስፖንጅ ተጠቅልሎባቸዋል። አደባባይ ላይ ገመዱ ያልቃል፤ እዚያ ሲደረስ ስልኩ «ቁም» ይላል፣ ሰው ሁሉ ይቆማል፤ «ሂድ» ይላል፣ ሰው ሁሉ ይሄዳል። በሰኔ አንድ ቀን ስልኩ «ቁም» ብሎ «ሂድ» ማለት ረስቶ፣ ሕዝቡ እስኪመሽ ድረስ ቆሞ ነበር። ያማረረ ሰው አልተገኘም፤ እንዲያውም ብዙዎች ደስ የሚል ከሰዓት በኋላ አሳለፍን ብለዋል።

ጋሽ ናሆም አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመው ለመኑ። «እባካችሁ፣ አንዴ ቀና በሉ! አንዴ ብቻ እዩኝ! ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው!» አንዳንዱ «እሺ አባቴ» አለ፣ አንዳንዱ «ይቺን ልጨርስ» አለ። አንዲት ሴት ድምፁ ስላሳዘናት ቀድታ ለጓደኞቿ ላከችው። ጋሽ ናሆም ራሳቸውም እየለመኑ ዓይናቸው የለቅሶ ገጹ ላይ ነበር፤ የሐዘን መግለጫው ሦስት መቶ አልፏል።

«ጋሼ፣ ድምፅዎን አይጨርሱ። ከእኔ በቀር የሚያይዎት የለም» አለ አንድ የሴት ድምፅ ከጎናቸው።

ዝቅ ብለው አዩ። ነጭ ሸራ ጫማ ነው፤ የግራው ክር ግን ቀይ ነው። ይህን ጫማ አያውቁትም።

«ማን ልበል?»

«ሳሮን እባላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሰርቅዎት ኖሬያለሁ።»

ጋሽ ናሆም ኪሳቸውን ያዙ። «የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ አሉ! ያቺን ግራጫ ሻርፔን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ጃንጥላውን ግን መርዕድ ነው የወሰደው።»

«ባለፈው ሰኞም ከፌስታሌ ሦስት ዳቦ ጎድሎ ነበር።»

«ሁለት ነው የወሰድኩት። አንዱን መንገድ ላይ ራስዎ በልተውታል።»

ጋሽ ናሆም አሰቡት። እውነቷን ነው።

የከተማው ሌቦች ሕግ አላቸው። ጫማ አይነኩም፤ ጫማው የጠፋበት ሰው ወዲያው ያውቃል። ከጉልበት በላይ ያለው ግን፣ ባርኔጣው፣ የጆሮ ጌጡ፣ ከፌስታል ብቅ ያለው ሙዝ፣ ከሌባ በቀር የሚያየው የለምና የሌባ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀና ያለ አንገት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በገበያ አይገኝም።

«ሥራችን ማየት ነው፣ ጋሼ» አለች ሳሮን። «እኔ፣ መርዕድና ቤዛ ፊትዎን እንደ ገዛ ፊታችን እናውቀዋለን። ሦስታችንም እንመሰክርልዎታለን። ግን የእኔም ማረጋገጫ ዛሬ ያልቃል። ጓደኞቼ የየእድራቸው አባል ናቸው፤ እኔ ቤት ስቀያይር እድር አልገባሁም። እነሱ ሁለት ይሆኑልኛል፤ ሦስተኛ የለኝም። እስከ አምና የሚመሰክርልኝ ባልደረባችን ጥሩ ስልክ ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ ቀና ሲል ያየው የለም። ሦስተኛዬ እርስዎ ይሁኑልኝ።»

«ሌባ ምን ማረጋገጫ ያስፈልጋታል?» አሉ ጋሽ ናሆም፣ ትንሽ ለመኩራት ያህል።

«በጥር ልጄን ልድር ነው። የሠርግ አዳራሽ በር ለሞተ ሰው አይከፈትም። ይግባኝ ደግሞ ሰባት ዓመት ይፈጃል። እናቷ ውጭ ቆማ ልጅቷ ትዳር?» ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። «ብዙ አልጠየቅኩም። አንድ ጊዜ ብቻ ይዩኝ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ጋሽ ናሆምም ሌባ ምስክር ተቀበሉ። «ምን ችግር አለው፣ ልጄ! አንቺ ነፍሴን እያተረፍሽ እኔ አንድ ማየት ይከብደኛል?» አሉና ቀና ሊሉ አንገታቸውን አዘጋጁ። ዓይናቸው ከጫማዋ ተነሥቶ ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ስልኩ ነዘረ።

የቀድሞ አለቃቸው ነበር። «በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ እንደ ናሆም ያለ ሠራተኛ አላየንም» ይላል። ጋሽ ናሆም በዚህ ሰው ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል፤ አንድ ቀን እንኳ «እንዴት አደርክ» ብሏቸው አያውቅም። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሦስተኛም አነበቡት። ያኔ ሳሮን እጅጌያቸውን ይዛ እየመራቻቸው ነበር።

አደባባዩን ሲሻገሩ ሳሮን ደግማ ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ አሁን ይዩኝ። ቆመናል፣ ይመቻል።» እውነትም ስልኩ «ቁም» ብሎ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ነበር። ጋሽ ናሆም ዓይናቸውን ከጉልበቷ ወደ ቀበቶዋ አደረሱ። አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው መግለጫ መጣ፤ የልጅነት ጓደኛቸው ነው፣ የሞተ መስሏቸው የነበረ። እሱም ለእሳቸው ነፍስ ይማር ይላል። «ይቺን ብቻ ልጨርስ፣ ልጄ።»

ጽሕፈት ቤቱ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። መርዕድና ቤዛ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይጠብቋቸው ነበር፤ የመርዕድ ጫማ ሰፊ፣ የቤዛ ጠባብ ነው። ሌላው ባለጉዳይ ሁሉ ተደፍቶ ወረፋውን ይጠብቃል። ሳሮን ከጋሽ ናሆም ፊት ቁጢጥ አለች፤ ፊቷን ወደ እሳቸው ለማቅረብ ነበር።

«ጋሼ፣ ሊጠሩን ነው። እባክዎ። ልጄን ያስቡልኝ።»

ጋሽ ናሆም አፈሩ። አስበውም ወሰኑ፤ ይህን ማለት ይገባል። ዓይናቸው ቀበቶዋን አልፎ፣ የሹራቧን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ኮሌታዋ ላይ ደረሰ። ስልኩ ነዘረ። የለቅሶ ገጹ ላይ የጻፉት ወይዘሮ ሶሊያና ነበሩ።

«አርባ ስድስት ዓመት። በሠርጋችን ቀን ቀና ብለህ አይተኸኝ ነበር። እስከ ዛሬ የኖርኩት በእሱ ነው።»

የጋሽ ናሆም ልብ ስንጥቅ አለ። ፊደሎቹ በእንባቸው ውስጥ ዋኙ፤ ስክሪኑን በእጅጌያቸው ጠርገው እንደገና አነበቡት። መልስ ጽፈው አጠፉ፣ ጽፈው አጠፉ። ሚስታቸውን ማየት አማራቸው። ከዚያ በፊት ግን መልስ መጻፍ ነበረባቸው፤ እየጻፉ ሳለ መስኮት ሦስት ስማቸውን ጠራ።

የመስኮት ሦስት ሠራተኛ በወረዳው ውስጥ በሥራ ሰዓት ቀና ማለት ከተፈቀደላቸው አራት ሰዎች አንዷ ናት፤ ለዚህም የአንገት አበል ይታሰብላታል። ባለጉዳይና ምስክር ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ። እንዳይተያዩ ነው። ምስክሩ ይናገራል፣ እሷ ቀና ብላ ታመሳክራለች።

ሳሮን የእነሱን ቃል እንዳትሰማ ራቅ ብላ ቆመች። መርዕድ ፊት ለፊት ያለውን የጎደለ ጥርስ ተናገረ። ቤዛ ቀኝ ጆሯቸው ሥር ያለችውን የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ተናገረች። ጋሽ ናሆም ጆሯቸውን ዳበሱ፤ ነጥብ እንዳለቻቸው አያውቁም ነበር።

ሳሮን ግን አንዴ ከጀመረች አላቆመችም። «የግራ ቅንድባቸው መሐሉ ላይ ተቆርጧል። ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚያስቅ ሲሆን መጀመሪያ አፍንጫቸው ነው የሚስቀው። አምና በግንቦት ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተላጩም ነበር። ዓይናቸው አብጦ ነበር። ሰው ሞቶባቸው መሰለኝ። ያን ሰሞን ለጓደኞቼ፣ እኒህን ሰውዬ እንዳትነኳቸው አልኳቸው።»

አምና በግንቦት የጋሽ ናሆም ታናሽ ወንድም ሞቷል። እድሩ የአበባ ሥዕል ልኮላቸው ነበር። ዓይናቸው ማበጡን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም፤ ራሳቸውም አላወቁትም። በዚያ ሁሉ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል፣ አንድ ሰው አይቷቸው ኖሯል። ሌባ ሆነች እንጂ! ጋሽ ናሆም ተንሰቀሰቁ።

«በዓይኔ አይቻለሁ» ብላ ሳሮን ማለች።

ማኅተሙ ወረደ። ስልካቸው ደስ በሚል ድምፅ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ በሕይወት አሉ» አለ። ደረጃው ላይ የተቀመጠው ባለ ዕጣ «እሺ፣ ለከርሞ» ብሎ ጻፈ። የለቅሶ ገጹ ተዘጋ፤ ስድስት መቶ አሥራ ዘጠኙም የሐዘን መግለጫ በአንድ ጊዜ ጠፋ። የአለቃቸው ቃልም ጠፋ። እውነት ለመናገር ጋሽ ናሆም ገጹን አንዴ እንደገና ለመክፈት ሞክረዋል።

«ተራው የወይዘሮ ሳሮን ነው» አለች ሠራተኛዋ። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል። መርዕድና ቤዛ ፈጥነው መሰከሩ፤ ፊቷ ላይ ያለውን ግን፣ ጋሽ ናሆም እዚያው ስለቆሙ፣ በሠራተኛዋ ጆሮ ብቻ ነው የነገሯት፤ በሕጉ መሠረት ሦስተኛው ምስክር መስማት የለበትም። «አባት፣ እርስዎ ደግሞ ጀርባዎን ለባለጉዳይዋ ይስጡ። ከተጠየቁ በኋላ መዞር አይፈቀድም። ፊቷ ላይ ካለው አንድ ነገር ይንገሩኝ። አንድ ይበቃል።»

ጋሽ ናሆም አፋቸውን ከፈቱ።

«ነጭ ሸራ ጫማ...»

«ፊት ነው ያልኩዎት።»

«የግራው ክር ቀይ ነው።»

«አባት፣ ፊት።»

ከጀርባቸው የሳሮን ትንፋሽ ይሰማቸዋል። ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከዚህ ድረስ ሁለት ሰዓት ሙሉ አብረዋት ነበሩ። ጫማዋን፣ ጉልበቷን፣ ቀበቶዋን፣ አምስቱን የሹራብ ቁልፎች፣ ኮሌታዋን ያውቁታል። ከኮሌታው በላይ የሚያገኙት የሶሊያናን መልእክት ብቻ ነው።

«ጠይም ናት» አሉ።

«እሱ ለአገሩ ሕዝብ ሁሉ ይሆናል፤ አይመዘገብም።»

«ዓይኗ... ዓይኗ ደግ ነው።»

«ዓይኗን አይተውታል? እንግዲያው በዓይኔ አይቻለሁ ብለው ይማሉ።»

«በዓይኔ...» አሉ ጋሽ ናሆም፤ ቃሉ እዚያው ቀረ። ሊዋሹ ይችሉ ነበር፤ ቢዋሹ ግን ምን ብለው? «አሁን ልያት! አንዴ ልዙርና ልያት! አንድ ሴኮንድ!»

«አይፈቀድም አልኩዎት እኮ።» ሠራተኛዋ ቀና ብላ ከጀርባቸው ያለችውን ሴት አየች፤ አየችና ቶሎ ዓይኗን አላነሣችም። «ይገርማል» አለች ቀስ ብላ፤ «አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሊስተው የማይችለው ነገር ነው ያላት።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ። የሳሮን ስልክ ከኪሷ ውስጥ አንዴ ጮኸና ጠፋ።

ጋሽ ናሆም ለራሳቸው ነፍስ ያላለቀሱትን ያህል ያኔ አለቀሱ።

«አያልቅሱ፣ ጋሼ» አለች ሳሮን ከኋላቸው። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ደክሟታል ብቻ። «እኔ የለመድኩት ነው። ሥራዬ እኮ አለመታየት ነው። ዛሬ ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

ጎንበስ ስትል ተሰማቸው። ከዚያ አንድ ነገር መዳፋቸው ላይ አስቀምጣ ጣቶቻቸውን በላዩ ዘጋችው። «ይኸው፣ የሚያውቁት እሱን ነው» አለች።

ጋሽ ናሆም እንደ ልማዳቸው ዝቅ ብለው መዳፋቸውን አዩ። ቀዩ የጫማ ክር ነበር። ከመዳፋቸው ቀና ብለው ሲዞሩ ሦስቱም ሄደዋል።

እየተደናቀፉ ወደ ውጭ ወጡ። የሥራ መውጫ ሰዓት ነውና መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ ሁሉም ገመዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መጀመሪያ ጫማ ፈለጉ። ነጭ ሸራ ጫማ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፤ ጉዞው ማለቂያ የለውም፤ ክር የጎደለውን ለመለየት የሚቆም እግር የለም። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነዘረ። አላወጡትም። አንገታቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቀና አደረጉት፤ ቋ አለ፣ በጣም አመማቸው።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ አንዲት ቀና ያለች ሴት ፈለጉ። ከሌላው የምትለየው በዚህ ነውና ሩቅም ብትሆን ትታያለች ብለው ነበር። አንድም ቀና ያለ ሰው አልነበረም። እሷም እንደ ሰው ሁሉ አንገቷን ደፍታ ሄዳለች ማለት ነው።

«ሳሮን!» ብለው ጮኹ። ማንም አልዞረም። ያኔ ጋሽ ናሆም ከሕዝቡ መሐል ገብተው፣ ጎንበስ እያሉ፣ ከሥር ወደ ላይ የእያንዳንዷን ሴት ፊት ማየት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ላይኛ ከንፈሯ ላይ እስከ አፍንጫዋ የወጣ ጠባሳ አላት፤ ያየ ሰው አይስተውም፣ እሷ ሳትሆን አትቀርም። ሁለተኛዋ አንዱ ዓይኗ ከሌላው የፈዘዘ ነው፤ ይህንንም ያየ አይስተውም። ሦስተኛዋ ጉንጯ ላይ በአንድ በኩል ብቻ ስርጉድ አለ፤ አራተኛዋ ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሷል፤ አምስተኛዋ ምንም የላትም ብለው ሊያልፉ ሲሉ፣ ለራሷ የሆነ ነገር አስባ ፈገግ አለች፤ ያንን ፈገግታ ያየ ሰው እንዴት ሊስተው ይችላል? ሊስቱት የሚችሉት ፊት አጡ። እያንዳንዷ እሷ ልትሆን ትችላለች።

«ሳሮን ነሽ?» አሏት ስድስተኛዋን።

«ይቺን ብቻ ልጨርስ፣ አባቴ» አለች ሴትዮዋ።

ጋሽ ናሆም ወደሚቀጥለው ፊት አለፉ።